ማር ለቁስል መድኃኒት ነውን?

በየቤታችን ሰው ሲቆስል ወይም እሳት ሲያቃጥለው «ማር ቀቡት» የሚል ምክር ከጎረቤት መስማት የተለመደ ነው። ይህ ምክር መሠረት አለውን? አዎን፣ አለው። ሆኖም ባልና ሚስት አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ጥንቃቄም አለ።

ማር ቁስልን የሚጠቅመው እንዴት ነው?

አንደኛ፦ ከማር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ ውሃው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ማር እርጥበት ይስባል። ቁስል ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ውሃቸው ስለሚመጠጥ መራባት ይሳናቸዋል። ጨው ሥጋን ከመበላሸት የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፦ ማር አሲድነት ስላለው ለብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አይስማማቸውም።

ሦስተኛ፦ ንቦች ማር ሲሠሩ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጨምሩበታል። ማሩ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል። ማሩ በእሳት ከሞቀ ግን ኢንዛይሙ ይበላሻል።

ሕክምናው ምን ይላል?

የጥንት ግብፃውያን ከ3,500 ዓመታት በፊት ቁስልን በማር ያክሙ እንደነበር የሕክምና ጽሑፋቸው ይመሰክራል። በዘመናችንም እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቁስል የተዘጋጀ ማር ሥራ ላይ እንዲውል ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ መለስተኛ የእሳት ቃጠሎና ከኦፕሬሽን በኋላ ያመረቀዘ ቁስል በማር ሲታከም ከአንዳንድ የተለመዱ ሕክምናዎች ፈጥኖ ይድናል። ለሌሎች ብዙ ዓይነት ቁስሎች ግን የተገኘው ማስረጃ በቂ አይደለም።

የገበያ ማርስ?

ሐኪም የሚጠቀምበት ማር በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። የገበያ ማር ግን ሰፈፍና አቧራ፣ አንዳንዴም የተቀላቀለ ስኳር ሊኖርበት ይችላል። አደገኛ በሽታ የሚያመጡ የባክቴሪያ ዘሮችም አይጠፉበትም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

በኦፕሬሽን የወለደች እናት ቁስሏ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተሰማት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ብዙ እናቶች «ይሻለኛል» እያሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ባል ሚስቱን ጠይቆ፣ ቁስሉን አይቶ፣ ሕፃኑን ታቅፎ አብሯት ይሂድ። ማር እየቀቡ የሚያሳልፏት እያንዳንዷ ቀን በሽታው ወደ ደም እንዲገባ ጊዜ ትሰጠዋለች።

እሳት ያቃጠለውን ሰው አስቀድሞ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ይገባል። ጥልቅ ወይም አፈር የነካው ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል። የስኳር በሽተኛ እግሩ ላይ ቁስል ካየ፣ ትንሽም ቢሆን ለሐኪም ያሳይ።

የአራስ ሕፃን እትብት ላይ ማርም ሆነ ቅቤ አይደረግም። ዓመት ላልሞላው ልጅም ማር ማላስ ፈጽሞ አይገባም፤ በማር ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዘር የሕፃኑን ጡንቻዎች ሊያደክምና ትንፋሹን ሊያስቸግር ይችላልና።

ማር መልካም ነገር ነው፤ ሐኪምን ግን አይተካም። የሚጠራጠሩት ቁስል ካለ ዛሬውኑ ለነርሷ ያሳዩ።