ምስር የምታክል ቅባት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እየሠራ ድንገት ድርግም ሲል ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው። አዋቂ የተባለ ዘመድ ይጠራል፤ ዘመድ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። የዓመታት ፎቶግራፍ ይደመሰስና ማሽኑ በማግስቱ ያው ድርግም ይላል። በዚህ መንገድ ስንት የሠርግ ፎቶ እንደጠፋ ሳስበው ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ በፎርማት አይወርድም!

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይሞቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው ብረት፣ ሂትሲንኩ፣ ሙቀቱን ይቀበላል፤ ፋኑ ደግሞ በአየር ያስወጣዋል። ብዙ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ሳይቃጠል በፊት ራሱን ያጠፋል።

አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት ባለፈው ክረምት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይተኛል። ሱቅ ብወስደው ‹ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ› አሉኝ» አሉ። ሰሜን ለንደን ካለው ቤታቸው ስደርስ ኮምፒውተሩ ጀርባውን ለሂተሩ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ አናቱ ላይ፣ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ልክ፣ የሚያምር ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበታል።

«እማማ፣ ይኼንን ምነው አለበሱት?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ!»

አቧራውስ ገብቶ አድሯል። ስከፍተው የምንጣፍ ብናኝ ከእጣንና ከቡና ጢስ ጋር ተጋግሮ ፋኑን እንደ ጥጥ ሸፍኖታል። ጠረግሁት፣ ከሂተሩም አራቅሁት። ትንሽ ዕድሜ አገኘና እንደገና ጠፋ። ያኔ ሂትሲንኩን ፈትቼ ሳነሣ የምወደውን ነገር በመጥፎ ይዞታ አገኘሁት፦ ተርማል ፔስት።

የፕሮሰሰሩም የሂትሲንኩም ፊት ለዓይን መስታወት ይመስላል፤ በማጉያ መነጽር ቢታይ ግን ሸንተረርና ሸለቆ ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ የሚነካኩት በጉብታዎቹ ብቻ ሲሆን በመካከል አየር ይታሰራል። አየር ደግሞ ሙቀት ለማስተላለፍ እጅግ ሰነፍ ነው፤ መዳብ ከአየር ወደ 15,000 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ፔስቱ የሚቀባው ያን አየር አስወጥቶ ሸለቆውን እንዲሞላ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ቅቤ ሲበዛ ወጥ ይጣፍጣል ብለን ያደግን ሰዎች ነንና ፔስቱንም እንደዚያው እንለቀልቀዋለን። ነገር ግን ፔስት ከአየር ከመቶ ጊዜ በላይ ቢሻልም ከመዳብ ጋር ሲወዳደር በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ሸለቆውን ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ሁሉ በሁለቱ ብረቶች መካከል የተዘረጋ ብርድ ልብስ ይሆናል። በእማማ ማሽን ላይ የቀደመው ጠጋኝ እንደ ልስን ደርቦ ለጥፎት፣ በዓመታት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አነሣሁት። መሐል ላይ ምስር የምታክል ጠብታ ጣል አድርጌ፣ በጣቴ ሳልነካ ሂትሲንኩን ጫንሁና ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ማዕዘን ለማዕዘን አጠበቅሁ። ግፊቱ ራሱ ይዘረጋዋል። ለትልልቅ ፕሮሰሰር ትንሽ ጨምሩ፤ ማንኪያ ግን አታንሡ።

ምርመራው ቀላል ነው። ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ ቶሎ ከጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲበራ ግን ደህና ከሠራ፣ ሙቀትን ጠርጥሩ። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ ገብታችሁ ዲግሪውን አንብቡ። ዲግሪው ዝቅተኛ ሆኖ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይዞር፤ እሱን ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለጠረጋ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ አየር ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። የምንጣፍ ቫኪውም የምታስጠጉ ሰዎች ደግሞ ተዉ፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊገድል ይችላል።

ለንደን ቀዝቃዛ ናት ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 በሂትሮው 40.2 ዲግሪ በተመዘገበበት ዕለት የጉግልና የኦራክል የለንደን ዳታ ሴንተሮች ማቀዝቀዣቸው አልችል ብሎ አንዳንድ ማሽኖችን ለማጥፋት ተገደዋል። እነሱን ያቃተ ሙቀት ዳንቴል ለለበሰ ኮምፒውተር አይመለስም።

ስለዚህ «ሞቷል» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። አንድ ቱቦ ፔስት ጥቂት ፓውንድ ነው፣ ለብዙ ጊዜም ይበቃል። እጃችሁ ከፈራ በለንደን ሪስታርት ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በሚያስተባብራቸው የጥገና ዝግጅቶች በጎ ፈቃደኞች አብረዋችሁ ይከፍቱታል። ብቻ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ዳንቴሉን አንሡ።