የውኃ ሙቀትና በወንዝ ዛጎል ለበሶች ሥጋ የሚከማች ብረት

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚፈሰው የሎት ወንዝ፣ በዴካዝቪል አካባቢ ከነበረ የዚንክ ፋብሪካ ዝቃጭ የሚወርድ ካድሚየም ለረጅም ዘመን ተሸክሞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የደረሰው የፍሳሽ አደጋ ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣው፤ ካድሚየሙም እስከ ዢሮንድ የወንዝ አፍ ወርዶ የዚያን ስፍራ ኦይስተሮች ከገበያ አስከለከለ። የቦርዶ ተመራማሪዎች ኮርቢኩላ የተባለችውን፣ ከእስያ የመጣች ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ በመረብ ሣጥን አድርገው ወደ ወንዙ በማውረድ ሥጋዋን መርምረዋል። በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የዚያችን ሰዓት ብቻ ሲናገር፣ የእንስሳዋ ሥጋ የሳምንታትን ታሪክ ይዞ ይቆያልና።

ይሁን እንጂ የዚህች ምስክር ቃል እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። የሰውነቷ ሙቀት ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ውኃው ሲሞቅ የምትሻው ኦክሲጅን ይበዛል፤ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ግን ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ ከ8 ብዙም አያልፍም። ጉድለቱን ለመሙላት በስንጥቧ ብዙ ውኃ ታሳልፋለች፤ ካድሚየሙም ለካልሲየም በተከፈተው መንገድ ሾልኮ ይገባል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ሙቀት ብረት ማስወጣትንም ያፋጥናል፤ ፈጣን ዕድገት ያንኑ ብረት በብዙ ሥጋ ያከፋፍለዋል፤ በመራቢያ ወራት ሥጋዋ ሲከሳ ደግሞ በአንድ ግራም የሚለካው መጠን ከፍ ብሎ ይታያል። ሙቀቱ ልክ ካለፈ ዛጎሏን ዘግታ ማጣራቷን ታቆማለች። ዚንክን በመጠኑ ትቆጣጠራለች፤ ካድሚየምን ግን ሜታሎታዮኒን በሚባለው ፕሮቲን አስራ ታስቀረዋለች። እንግዲህ የነሐሴን ልኬት ከጥር ጋር አስተያይቶ «ብክለቱ ጨመረ» ማለት፣ ወንዙን ሳይሆን ወቅቱን ማንበብ ሊሆን ይችላል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮሚየም ያዘለ ፍሳሽ የሚያመራው ወደ ቆቃ ነው። ቆቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ፣ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን ወደ 7 ሚሊግራም ይወርዳል። በቀዝቃዛ የአውሮፓ ወንዞች የተሠራ ሠንጠረዥ እንዳለ ቢጫንበት፣ የሐይቁን ዓሣ ለሚመገበው ሰው የሚነገረው ልክ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ናሙናው የተነሣበት ወር፣ የውኃው ሙቀትና የዛጎሉ ርዝመት ከውጤቱ ጎን ሊጻፉ ይገባል።