ትምህርት ቤት ሁከት ሲነሣበት ምን ይናገር?

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚደርስ እንግዳ በመጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ጥቂት ሲሰነብት ግን የከተማይቱ ሕዝብ ከየማዕዘኑ የተሰበሰበ መሆኑን ያስተውላል። ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛውንም ተማሪውንም ከየአገሩ ጠርተዋል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በከተማይቱ መጠለያዎች ሰፍረዋል። እንዲህ ባለ ከተማ የሚሠራ ትምህርት ቤት፣ በተለይም በወላጅ ክፍያ የሚተዳደር የግል ትምህርት ቤት፣ ስለ ልዩነት እንዴት ይናገር? ሁከት ሲነሣስ ምን ይበል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ልዩነት ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) በተራራው ላይ ሲገዙ፣ ከተራራው ግርጌ ያለው አልዩ አምባ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገበያይበት የሙስሊሞች ከተማ ነበር። የዚያን በር ጥበቃ ክርስቲያኑ ንጉሥ በአደራ የሰጡት ለአርጎባው ወላስማ ነበር። ላይ በደብሩ ዳዊት ሲደገም፣ ታች ቁርአን ይቀራ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ገበያው የጋራ ቢሆንም ትምህርቱ ለየብቻ ነበር። የዛሬው ትምህርት ቤት ልጆቹን ሁሉ በአንድ አግዳሚ ወንበር ያስቀምጣል። ስለዚህም የቄሱም ሆነ የቁርአኑ ትምህርት ቤት ያላስፈለገው የአነጋገር ጥበብ ያስፈልገዋል።

ይህ ጥበብ ሲጎድል የሚደርሰውን በዘመናችን አይተናል። በጥቅምት ወር መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሽብሩም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ በአዲስ አበባ አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀልና የክልሉ መዝሙር መዘመር ክርክር አስነሥቶ፣ ግጭት ተፈጠረ፤ ትምህርትም ተስተጓጎለ። በሰሜን ሸዋም አጣዬ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ነገሩ ከትምህርት ቤት ግቢ አልተነሣም። ሆኖም ልጅ ማታ በቤቱ የሰማውን ጧት ይዞት ይመጣልና፣ የውጭው እሳት ጭስ ክፍል ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

የግል ትምህርት ቤት እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። የመምህሩ ደመወዝ ከወላጅ ኪስ ስለሚወጣ፣ «ጠብ ተነሣ ከተባለ ልጆቻቸውን ያስወጡብናል» የሚል ሥጋት አለ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዝምታ ነው። ዝምታው ግን ወላጁን አያረጋጋም። ዲሬክተሩ ዝም ባለበት ሰዓት የሚናገር ሌላ አለ፤ የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ከትምህርት ቤቱ ደወል ይቀድማል። ሁለት ልጆች በኳስ የተጋፉት ነገር እስከ ማታ ድረስ የሁለት ብሔረሰብ ጠብ ሆኖ ያድራል። ገንዘብ እንዳይቀር ተብሎ የተመረጠው ዝምታ፣ ገንዘቡንም አመኔታውንም ያሳጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። በመጀመሪያ የተጎዳ ልጅ ካለ ይታከም፤ ወላጆቹም ከማንም በፊት ከትምህርት ቤቱ አፍ ይስሙ። ቀጥሎ በዚያው ዕለት ለወላጆች ሁሉ በመገናኛ ደብተርም በቴሌግራምም አንድ አጭር ቃል ይድረሳቸው፤ ይኸውም የታወቀው ይህ ነው፣ ገና የሚጣራው ይህ ነው፣ የወሰድነው እርምጃ ይህ ነው፣ ነገ በዚህ ሰዓት እንደገና እንነግራችኋለን የሚል ነው። የሚናገረውም አንድ ሰው ይሁን፤ ዘበኛው አንድ፣ መምህሩ ሌላ ካለ ወላጁ ሁለቱንም አያምንም። ጥፋተኛው በሥራው ይጠየቅ እንጂ የወገኑ ስም አይነሣ፤ አንድ ልጅ ድንጋይ ቢወረውር የወረወረው ያ ልጅ ነው፣ ሕዝብ አይደለም። ስሕተት ከተነገረም በግልጽ ይታረም።

ይሁን እንጂ በሁከት ቀን ብቻ የሚናገር ትምህርት ቤት የሚያምነው አያገኝም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ይህ ማለት ስለ ልዩነት አፍን መዝጋት ማለት አይደለም። የሚጾመው ልጅ ምሳ ዕቃውን፣ አርብ የሚሰግደው ልጅ ሰዓቱን፣ አማርኛን በቅርብ የተማረው ልጅ አነጋገሩን ሳያፍር እንዲኖር ደንቡ በመስከረም፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ተመክሮበት ይጻፍ። በኅዳር ጠብ ሲነሣ ያን ጊዜ የሚጠቀስ ቃል ይኖራል።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በነዚሁ ትምህርት ቤቶች ጠመኔ የሚይዙ ናቸው። ዛሬም በየመኝታ ክፍላችን «እንዲህ ሆነ አሉ» የሚል መልእክት ሲደርሰን፣ ሳናጣራ ለጓደኛ የምናስተላልፈው እኛው ነን። በወልዲያ ከሞቱት ወንድሞቻችን በኋላ ይህ ቀላል ጥፋት ነው ለማለት አንደፍርም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው ለእኛም ነው። ዲሬክተሩ እውነቱን ቶሎ እንዲነግረን ለመጠየቅ መብት የሚኖረን፣ እኛ ራሳችን ሐሰቱን ለማዘግየት ስንችል ነው።