ለደብረ ታቦር ብርድ የሚሆን ግድግዳ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ ያለች ደጋ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። በዚህ ደጋ ቤት የሚሠራ ሰው ግን ስለ ግድግዳ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት ተብሎ ነው። ጭቃ የድህነት፣ ብሎኬት የመሻሻል ምልክት ከሆነ ዘመናት ስላለፉ፣ ቤቱ ሙቀት ይይዛል ወይ የሚለው ጥያቄ ተረስቷል።

ብሎኬት ምስጥ አይበላውም፣ በየዓመቱ ልሰኑኝ አይልም። ብርድን ግን አያቆምም። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት በሁለቱም ወገን ተለስኖም፣ በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። የቤቱ ግድግዳ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውስጡ 18፣ ውጭው 8 ዲግሪ በሆነ ሌሊት 1,500 ዋት በግድግዳው ብቻ ይባክናል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ይጠጋል፤ የሚባክነውም ሌሊቱን ሙሉ ነው።

ጭቃ ቤትስ? የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገሩ በምስማር ይመታል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ይቦካል፤ ለቀናት ከከረመ በኋላ ይመረጋል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ልስን ይከተላል። እንዲህ የተሠራ 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ከብሎኬቱ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። ውፍረቱ 30 ሲደርስ ግን የሚያመልጠው ሙቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የቀኑም የፀሐይ ሙቀት ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ዘግይቶ፣ ብርዱ በሚበረታበት ሌሊት ነው። ጭዱ ሲበዛ ደግሞ በውስጡ የሚይዘው አየር ሙቀቱን ይበልጥ ያቆያል። ችግሩ ጭድ የከብት መኖ መሆኑ ነው፤ ገበሬው በበጋ ለበሬው የሚያበላውን ለግድግዳ አይሰጥም።

መፍትሔው ከደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ወረታ ላይ አለ። በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ በወፍጮ ቤት ሲፈተግ የሚወጣው ቅርፊት በቀላሉ አይበሰብስም፤ መኖነቱም እምብዛም ነው። በሁለት ስስ ግድግዳዎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቅርፊት ቢሞላ፣ የሚያመልጠው ሙቀት ከተራው ብሎኬት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ከጊዜ በኋላ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ከላይ መጨመሪያ ቀዳዳ መተው፣ ከእርጥበትና ከአይጥም መጠበቅ ያስፈልጋል።

የትኛውም ግድግዳ ቢመረጥ ሁለት ነገር አይዘለልም። አንደኛው ውሃ ነው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ከግድግዳው ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ከሌለ የጉና ዝናብ ጭቃውን ይንደዋል። ሁለተኛው ጣሪያ ነው፦ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ከተተወ፣ ግድግዳው ያቆየውን ሙቀት ጣሪያው ያስወጣዋል። ቅርፊቱን ከኮርኒሱ በላይ ማንጠፍ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው።

አፈር ለዘመናዊ ቤት እንደሚሆን አገራችን ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባው የኪነ ሕንፃ ትምህርት ተቋምና የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም በአፈር ባለ ሁለት ደረጃ የመኖሪያ ቤት ሠርተው አሳይተዋል። ለደጋው ብርድና ዝናብ የሚመጥን ናሙና ግን እዚሁ መሠራት አለበት። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ጋፋት ስሙን ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሰጥቷል፤ ተቋሙ ከወረታ ቅርፊትና ከጉና ድንጋይ አንድ ቤት ሠርቶ ቢለካ፣ ከተማ አስተዳደሩም ውጤቱን ለግንባታ ፈቃድ ጠያቂው ቢያሳይ፣ ሕዝቡ በምልክት ሳይሆን በማስረጃ ይመርጣል። ዘንድሮ መሠረት የምታወጡ ሁሉ ደግሞ ናሙናውን አትጠብቁ፤ ከአናጺው ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነና በውስጡ ምን እንደሚሞላ ጠይቁ።