በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ለእንደራሴነት ሊወዳደር ይገባዋልን?

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መራጩ 21፥ እንደራሴው ደግሞ 25 ዓመት እንዲሞላው ያዝ ነበር፤ በዚያ ላይ እንደራሴው በምርጫው ክልል ባለንብረት መሆን ነበረበት። ዛሬ መራጩ 18 ዓመት ሲበቃው፥ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ተወዳዳሪው 21 ሊሞላው ያስፈልጋል።

ከ18 በታች ያለውን ማስቀረት አያከራክርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ ንብረቱንም ሞግዚት ያስተዳድርለታል። ቤት ለመከራየት ሞግዚት የሚያሻው ሰው የአገር በጀት ያጽድቅ ማለት እንዴት ይሆናል? በ1901 ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው አልጋ ወራሽ የተባሉት ልጅ ኢያሱ፥ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነውላቸው ነበር። ለእንደራሴ ግን ሞግዚት አይሾምለትም።

ከ18 እስከ 21 ያለው ነገር ሌላ ነው። ይህ ወጣት ውል ይዋዋላል፥ ግብር ይከፍላል፥ ይመርጣልም። ልምድ ይጎድለዋል ይባል ይሆናል፤ ዳሩ ግን የተወዳዳሪን ልምድ መመዘን የመራጩ ሥራ ስለ ሆነ ሕጉ ቀድሞ የሚፈርድበት ምክንያት አይታየኝም። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2012 የ19 ዓመቷ ፕሮስኮቪያ አሌንጎት ኦሮማይት፥ አባቷ በሞት በተለዩበት መቀመጫ ተመርጣ ፓርላማ ገብታለች። (የአባቷ ስም ሳያግዛት አልቀረም፤ ይህ ግን ሸምገል ያለውንም ተወዳዳሪ የሚያግዝ ነገር ነው።)

በአገራችን ገደቡን ወደ 18 ለማውረድ አዋጁን ማሻሻል ይበቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ለመምረጥ 18 ዓመትን ሲጠቅስ፥ ለመመረጥ ግን የዕድሜ ልክ አላስቀመጠም።