የሐዲስ ጎጃም፣ የበዓሉ አሥመራ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ከጎጃም ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ተወልደው በአብነት ትምህርት ቤት አደጉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩና ጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላም አገራቸውን ወክለው ዋሽንግተንና ለንደን ተቀመጡ። ለትልቁ ልብ ወለዳቸው የመረጡት አገር ግን ያው ጎጃም ነው።

ታሪኩ ማንኩሳ ላይ ይጀምራል፤ ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ይደምቃል። የቆሎ ተማሪው በዛብህ የሚውልበት ቅኔ ቤት፣ የሰርጉ ዳስ፣ የባላባቱ አዳራሽ፣ የገበሬው ጎጆ ሁሉም በዝርዝር ተስለዋል። በአካባቢው ያልኖረ ሰው እንዲህ ሊጽፍ አይችልም።

የሐዲስን ፍቅር ልዩ የሚያደርገው ግን ሙገሳ ብቻ አለመሆኑ ነው። የበዛብህን ፍቅረኛ የሰብለ ወንጌልን ትዳር በዘር ቆጠራ የሚያግደው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻም የዚያው አገር ሰው ነው። ገበሬው በግብርና በመታያ ሲማረር፣ ሥርዓቱን የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ እንደ እብድ ሲቆጠር ደራሲው አይሸሽጉም። ሰብለ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ አንባቢው ያን ውብ አገር እየወደደ በሥርዓቱ ይቆጣል። ደራሲው የተወለዱበትን አገር ከልብ ባይወዱት ኖሮ ጉድፉን ይህን ያህል ተጠንቅቀው ባላሳዩት ነበር።

አገርን ለመውደድ ግን የግድ እዚያ መወለድ አያስፈልግም። ኢሉባቦር የተወለደው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» የአሥመራ ፍቅር አስይዞናል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ሄዶ ከፊያሜታ ጋር ይዋደዳል፤ የሴቲቱና የከተማዋ ፍቅር አንዱ ከሌላው ሊለይ አይችልም። ጦርነቱ ሁለቱንም ሲነጥቀው አንባቢም አብሮ ያዝናል። መጽሐፉ ታገደ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ቀረ።

የሐዲስን ጎጃም ደግሞ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ተርኮ ዓባይን ተሻግረው ለማያውቁ ሰዎች ሁሉ አደረሰው። ትረካውን ሰምተው መጽሐፉን ያልገለጡ አንባቢዎች ካሉ፣ ወደ ፍቅሩ ታሪክ ለመድረስ ሳይቸኩሉ ከማንኩሳው ምዕራፍ ይጀምሩ።