የክፍል ሃምሳና የማትሪክ ሃምሳ

በ2018 ዓ.ም. መስከረም፥ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከተነገረ በኋላ፥ አንድ ገበሬ ከገበያ ሲመለሱ ወደ ት/ቤታችን ጎራ አሉ። ት/ቤቱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ከሚገኙት አንዱ ነው። አህያቸውን ከበሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ አሰሩና መምህራን ወደምናርፍበት ክፍል ገቡ። የያዙትን ፌስታል ፈትተው አምስት ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ዐራቱ ልጃቸው ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተቀበላቸው የውጤት ካርዶች ናቸው፤ አምስተኛው ኢንተርኔት ቤት የታተመ የአገር አቀፉ ፈተና ውጤት ነው።

«መምህር፥ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ» አሉኝ። «እነዚህ ዐራቱ ልጅህ ጎበዝ ነው ይላሉ። ይኸኛው ወድቋል ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው ነው?»

ካርዶቹን አገላበጥሁ። የልጁ አማካይ ውጤት ከሰባ አምስት ወርዶ አያውቅም፤ ደረጃውም ከስድሳ ተማሪ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ነው። በፈተናው ግን ከስድስት መቶው ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም። ከካርዶቹ በአንዱ፥ በሒሳብ ረድፍ፥ 78 ተብሎ የተጻፈው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

የእኚህ ሰው ልጅ ብቻውን አይደለም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡትን ቁጥሮች አንባቢ ሁሉ ሰምቷል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ት/ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከመቶው ዘጠና አንዱ የወደቁት እነማን ናቸው? እኛ አስተማሪዎቻቸው በየዓመቱ «ተዛውሯል» ብለን የፈረምንላቸው ልጆች አይደሉምን?

ስለ ፈተናው ክብደት፥ ስለ ኩረጃና ስለ መጽሐፍ እጥረት ብዙ ተብሏል፤ እኔም አልደግመውም። እኔ ለመናገር የምችለው ያ 78 እንዴት እንደተሠራ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝና።

የማርክ መዝገቤን አውጥቼ ተመለከትሁ። ልጁ ከመጨረሻው ፈተና ከአርባ 19፥ ከአጋማሹ ፈተና ከሃያ 11 አግኝቷል። ይህ በአንድነት ከስድሳ 30፥ ማለት ልክ ግማሽ ነው። ለቡድን ሥራ ከዐሥራ አምስት 14 ተሰጥቶታል፤ የቡድን ሥራ ማለት በእኛ ክፍል አንዱ ሠርቶ ስድስት ስም የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ለቤት ሥራ ከዐሥር 9፤ የቤት ሥራው ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊት በአጥሩ ሥር ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ለደብተር ከዐሥር 10፤ ጽሕፈቱ ያማረ ልጅ ነው። ለክትትል ከአምስት 5። ድምሩ 68 ሆነ። ከዚያም ከክፍሉ ብዙው ከሃምሳ በታች ሊቀር መሆኑን ባየሁ ጊዜ ለሁሉም ዐሥር ዐሥር ማርክ ጨመርሁ። ስለዚህ 78 ሆነ።

ይህን ሳደርግ ሕግ የጣስሁ አልመሰለኝም። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር የመጣው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር ሲሆን፥ ዓላማውም መልካም ነው። አስተማሪው የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ፥ ተማሪው ዛሬ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አውቆ ነገ መልሶ እንዲያስተምረው ነው። እኛ ግን ምዘናውን ይዘን ማስተማሩን ተውነው። ማርክ ማጠራቀሚያ አደረግነው። ተማሪውም ቶሎ ገባው፤ «መምህር፥ ይህ ስንት ማርክ አለው?» ሳይል እርሳሱን አያነሣም።

የጨመርኋቸው ዐሥር ማርኮች ከምን መጡ? ግማሹ ከፍርሃት ነው። ከግማሽ በላይ የጣለ አስተማሪ ራሱ ይጠየቃል፤ «ምን ስታስተምር ከረምህ?» ይባላል። ግማሹ ግን ከርኅራኄ ነበር። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጡ ይሄዳሉ፤ እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ኅዳር ሲገባ በቆሎው ሊሸለቀቅ፥ በርበሬው ሊለቀም ይጠራሉ። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ የተማረው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስላት እየቻለ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ይቀራል። ከዚህም ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ት/ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ከርመዋል። የገበሬው ልጅ ዐራት ካርድ የአምስት ዓመት ካርድ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ዐሥር ማርክ ቢጨመርለት ማን ይጎዳል? ብዬ ነበር።

የሚጎዳው እርሱ መሆኑን ያልተረዳሁት አንድ ነገር ስለ ዘነጋሁ ነው። በፊት ዐሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ ቀረ። ዛሬ ከስምንተኛው የክልል ፈተና በኋላ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ለልጁ «እዚህ ጋ ጎድሎሃል» የሚለው ከራሱ አስተማሪ በቀር ሌላ ማንም የለም። አስተማሪው ዝም ካለ ዐራት ዓመት ሙሉ ዝም ተባለ ማለት ነው።

አገራችን እኮ ሌላ ዓይነት አመዛዘን የማታውቅ አይደለችም። ጎንጅንና ዋሸራን ያፈራው የጎጃም የቅኔ ቤት ማርክ የሚባል ነገር የለውም። ተማሪው ቈጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ከጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ሳይቀና ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ አይሄድም፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰውም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ነው። ዓመት ስለሞላ የሚዛወር የለም። በእርግጥ የቅኔ ቤት መምህር ሮስተር አይሞላም፤ በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ይዞ በአርባ ደቂቃ ደወል አይደወልበትም። በመንገድ የቀሩትንም የቈጠራቸው የለም። ቢሆንም ስሕተትን ለተማሪው ፊት ለፊት ነግሮ እንደገና ማሠራቱን ከዚያ ብንወስድ ዕዳ የለብንም።

እኔም ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሞከርሁ። ለደብተርና ለቡድን ሥራ የምሰጠውን ማርክ ቀንሼ በየሁለት ሳምንቱ አጭር ፈተና በክፍል ውስጥ አደረግሁ፤ ምርጫ የሌለው፥ አሠራሩ የሚታይ። ወረቀቱን ስመልስ ማርኩን አልጽፍበትም፤ የተሳሳተበትን መስመር በቀይ አሰምርበታለሁ። አስተካክሎ ያመጣ በሌላ ጥያቄ እንደገና ይፈተናል፤ በመዝገብ የሚገባለትም የኋለኛው ነው። ጭማሪ ግን የለም።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውጤት በተነገረ ጊዜ ጫጫታው ቀላል አልነበረም። ሦስተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ዐሥራ አራተኛ ሆነና ታላቅ ወንድሙ ሊጣላኝ መጣ። አንድ የበላይ ኃላፊም «የሌሎቹ ክፍሎች ውጤት መልካም ሆኖ የአንተ ብቻ ለምን ዝቅ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መዝገቡን አሳየኋቸው፤ መልሴን የወደዱት አይመስለኝም። የማረም ሥራውም ቅዳሜንና እሑድን በላ፤ ይህን ለሚሞክር የሥራ ባልደረባዬ ቀላል ነው ብዬ አልዋሸውም።

ነገር ግን በኋለኛው ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ደብተሯ ሁልጊዜ ጎደሎ ስለ ሆነ በሌሎች ዓመታት ከሃምሳ ጥቂት ከፍ እያለች ታልፍ ነበር። በተከራዩት ክፍል ለሁለት ወንድሞቿ የምታበስለው እርሷ ስለ ሆነች ማታ ለመጻፍ ጊዜ አታገኝም። በአዲሱ አሠራር ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች። ሒሳቡን ድሮም ታውቀው ነበር፤ እኔ የምለካው ጽሕፈቷን ነበር።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ጥያቄያቸውን ከጠየቁኝ በኋላ ብዙ ቆይቼ «የዋሸው ካርዱ ነው፥ አባቴ» አልኋቸው። እንዴት እንደሆነም ከላይ እንደ ጻፍሁት አስረዳኋቸው። አልተቆጡም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስበው በፌስታሉ ከተቱና

«ዘጠነኛ ሳለ ብትነግሩኝ ኖሮ፥ ከብቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እርሱን ጥና እለው ነበር» አሉኝ።

ልጁ በግል እንደገና ለመፈተን ተመዝግቧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች አምስት ጓደኞቹ ጋር እየመጣ እናጠናለን። የጀመርነው ከዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው።